ከሰንሰለት እስከ ፓርሴክ፦ የቅየሳና የሥነ ፈለክ የርዝመት አሃዶችን መቀያየር

እንደምን አመሻችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ላስፍር፦ 206,265።

ቀያሾቹ ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ራዲያን ውስጥ ያሉት የማዕዘን ሰከንዶች (የዲግሪ 1/3,600) ብዛት ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎችም ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ፓርሴክ ውስጥ ያሉት የሥነ ፈለክ አሃዶች ብዛት ነው። ሁለቱ መልሶች የገጠሙት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለ አንድ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ነው። የዛሬው ንግግር ከዚያ ሦስት ማዕዘን ብዙ አይርቅም።

በሜዳ ሥራ እንየው። ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን መሣሪያ) ተክላችሁ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ፕሪዝም (ብርሃን መላሽ መስታወት) ላይ ስታነጣጥሩ፣ አግድም ማዕዘኑን በ1 ሰከንድ ብትስቱ ነጥቡ ወደ ጎን 4.85 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። 1,000 ሜትርን ለ206,265 አካፍሉ፣ ያው ነው። ጥያቄውን ገልብጡት፦ 1 ሜትር ስፋት ያለው ነገር በ1 ሰከንድ ማዕዘን እንዲታይ ምን ያህል መራቅ አለበት? 206,265 ሜትር። አሁን ሜትሩን አንሱና በቦታው የሥነ ፈለክ አሃድን አስቀምጡ፤ ማለትም የመሬትና የፀሐይን ርቀት ያህል። የሚወጣው ርቀት ስሙ ፓርሴክ ነው። ፓርሴክ እንግዲህ በመነሻ መስመርና በማዕዘን የተሠራ የቀያሽ ሥራ ነው፤ መነሻ መስመሩ ብቻ የመሬት ምሕዋር ግማሽ ወርድ ሆኗል።

ሙያዎቹ ድሮም የተለያዩ አልነበሩም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል በ1838 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ፓራላክስ (የመሬት ምሕዋር ግማሽ ወርድ ከኮከቡ ሆኖ ቢታይ የሚይዘውን ማዕዘን) 0.314 ሰከንድ ብሎ ከማሳወቁ በፊት በምሥራቅ ፕሩሲያ የትሪያንጉሌሽን (በሦስት ማዕዘኖች የመለካት) መረብ ዘርግቷል፤ ቀያሾች የሚያውቁት የ1841ዱ የቤሰል ኤሊፕሶይድም (የመሬትን ቅርጽ የሚወክለው ሞላላ) የእሱ ነው። ቬጋ የተባለችውን ኮከብ ፓራላክስ የለካው ፍሬድሪክ ስትሩቨ ደግሞ ከሃመርፌስት አካባቢ እስከ ጥቁር ባሕር 2,820 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን፣ ከ1816 እስከ 1855 የተለካውን ቅስት የመራ ሰው ነው። እንግሊዛውያኑ ሜሰንና ዲክሰን በ1761 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከኬፕ ታውን ሆነው ተመለከቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ድንበር ይቀይሱ ጀመር።

የሙያ ዝምድናው የቁጥርም ዝምድና ነበረው። የፀሐይ ፓራላክስ የሚባለው የመሬት የወገብ ራዲየስ ከፀሐይ ላይ ሆኖ ቢታይ የሚይዘው ማዕዘን ሲሆን 8.794143 ሰከንድ ነው። ማዕዘኑን የሚሰጠው የሥነ ፈለክ ሰው ነው፤ ራዲየሱን የሚሰጠው ቀያሽ። 6,378.137 ኪሎ ሜትርን በ206,264.8 አባዝታችሁ ለ8.794143 ስታካፍሉ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይወጣል። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሰው ኤንኬ በ1824 ከሁለቱ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የቬነስ እልፈቶች ወደ 8.58 ሰከንድ የሚጠጋ ውጤት አገኘ፤ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ፀሐይ ወደ 153.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተገፋች። በቀያሹ በኩልም እንዲሁ ነው፦ ራዲየሱ ከሚሊዮን አንድ እጅ ቢሳሳት የፀሐይ ርቀት 150 ኪሎ ሜትር ይዛባል። ይህን ጥገኝነት ያላላው በ1961 ወደ ቬነስ የተላከው ራዳር ነው፤ ከዚያ በኋላ ርቀቱ በቀጥታ በብርሃን ጉዞ ጊዜ ይለካ ጀመር። ቶታል ስቴሽናችሁ ከፕሪዝም ጋር የሚያደርገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዛሬ በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ድልድይ ሜትር ነው። ሜትር ከ1983 ጀምሮ ብርሃን በባዶ ህዋ በአንድ ሰከንድ 1/299,792,458ኛ ክፍል ውስጥ የሚጓዘው ርዝመት ነው። የሥነ ፈለክ አሃድ በ2012 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በወሰነው መሠረት ልክ 149,597,870,700 ሜትር ነው። ቀደም ሲል በጋውስ የስበት ቋሚ በኩል የሚገለጽ፣ በመለኪያ የሚገኝና የራሱ የስሕተት ወሰን ያለው ቁጥር ነበር፤ አሁን ወሰን የለውም፣ ድንጋጌ ነው። ፓርሴክ በ2015 የዚህ አሃድ 648,000 ለፓይ ሲካፈል የሚገኘው እጥፍ ተብሎ ተወሰነ፤ በሜትር 3.0856775814914 × 10¹⁶። የብርሃን ዓመት ደግሞ ልክ 9,460,730,472,580,800 ሜትር ነው።

በቅየሳው በኩል ኤድመንድ ጉንተር በ1620 ያስተዋወቀው ሰንሰለት አለ፦ 66 ጫማ ሆኖ በ100 ሊንክ የተከፈለ፣ አንዱ ሊንክ 7.92 ኢንች። አራት ሮድ አንድ ሰንሰለት፣ አሥር ሰንሰለት አንድ ፈርሎንግ፣ ሰማንያ ሰንሰለት አንድ ማይል፣ አሥር ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር ነው። በእኔ ግምት በእንግሊዝ አሃዶች ውስጥ አስተውሎ የተሠራው ይህ ብቻ ነው፤ የመሬቱን ስፋት በካሬ ሰንሰለት ያወጣ ሰው ነጥቧን አንድ ቦታ ወደ ግራ አሽሽቶ ኤከር ያገኛል። መቶ ጫማ የሆነውና መሐንዲሶች የያዙት የራምስደን ሰንሰለት ሌላ ስለሆነ፣ መዝገቡ ላይ ሰንሰለት የሚል ቃል ስታዩ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ አንዲት ቁጥር አታባዙ። ሊንኩ ከ66 ጫማው ሰንሰለት 20.1 ሴንቲ ሜትር፣ ከመቶ ጫማው 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ የትኛው ጫማ የሚለው ነው። ከ1959 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ጫማ ልክ 0.3048 ሜትር ነው። አሜሪካ ግን በ1893 ሜትርን 39.37 ኢንች አድርጋ ስለነበር፣ ለቅየሳ ሥራ አሮጌውን 1200/3937 ሜትር አቆየችው፤ 0.3048006 ሜትር ይሆናል። የአሜሪካ የቅየሳ ጫማ የሚባለው ይህ ሲሆን በይፋ ከሥራ የወጣው በ2022 ማብቂያ ነው። መዝገቦቹ ግን አሉ፣ ወደፊትም ይኖራሉ። ልዩነቱ ከሚሊዮን 2 እጅ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ አይታይም። የነጥብን ቦታ በሚያመለክቱ የቅየሳ ቁጥሮች (ኮኦርዲኔት) ላይ ግን ይታያል፦ የ600,000 ሜትር የምሥራቅ መነሻ (በምሥራቅ ቁጥሮች ላይ የሚደመር ቋሚ) በቅየሳ ጫማ ልክ 1,968,500 ሲሆን በዓለም አቀፉ ጫማ 1,968,503.937 ነው። ነጥባችሁ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተንሸራቶ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባል። በሥነ ፈለክ አሃድ ላይ ደግሞ ከሚሊዮን 2 እጅ ማለት 299 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚሄደውን ያህል።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል በምሳሌ ላሳይ። መዝገቡ 412 ሰንሰለት ከ37 ሊንክ ይላል እንበል። መጀመሪያ ወደ አስርዮሽ፦ 412.37። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ 4 ሰንሰለት ከ5 ሊንክ 4.05 እንጂ 4.5 አይደለም። ቀጥሎ በ20.1168 ማባዛት፦ 8,295.565 ሜትር። ከዚያ ለ149,597,870,700 ማካፈል፦ 5.5452 × 10⁻⁸ የሥነ ፈለክ አሃድ። እዚያው ቆሙ። ማስሊያው አሥራ ሁለት አሃዝ ቢያሳይም መዝገቡ የተነበበው እስከ አንድ ሊንክ ስለሆነ፣ አምስት አሃዝ ነው ያላችሁ። የቅየሳ ጫማ ቢሆንስ? ርዝመቱ በ1.7 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ የሊንክ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ መዝገብ የጫማው ጥያቄ ትርጉም የለውም ማለት ነው፤ እስከ ሚሊ ሜትር በተለካ መነሻ መስመር ላይ ግን ሙሉ ትርጉም አለው። የትኛው ጫማ ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ ያስፈልጋል፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ ዋጋ የለውም።

በተገላቢጦሽ ሲሆን፣ አንድ የሥነ ፈለክ አሃድ 7,436,464,582 ሰንሰለት ነው። ያው ርቀት በአሜሪካ የቅየሳ ሰንሰለት ሲቆጠር በ14,873 ያንሳል። የብርሃን ዓመት 4.7029 × 10¹⁴፣ ፓርሴክ 1.53388 × 10¹⁵ ሰንሰለት ይሆናሉ። እነዚህን ቁጥሮች ለመሸምደድ አትድከሙ፤ በሜትር በኩል ሂዱ። ከሰንሰለት ወደ ማይል፣ ከማይል ወደ የብርሃን ዓመት፣ ከዚያ ወደ ፓርሴክ እያሉ በተጠጋጉ ቁጥሮች መዝለል በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ስሕተት ያስገባል፤ የሥነ ፈለክ አሃድን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብሎ ማጠጋጋት ብቻ ከሺህ 2.7 እጅ ነው።

የልወጣ ስሕተት ተብሎ የሚከሰሰው አብዛኛው ግን ከልወጣው በፊት የተሠራ ነው። አሮጌ ሰንሰለት በሊንኮቹ መካከል ያሉት ቀለበቶች እየተበሉ ይረዝማል። አንድ ኢንች ብቻ ቢረዝም ከ792 ኢንች አንዱ ነው፤ ከሚሊዮን 1,263 እጅ፣ የሁለቱ ጫማዎች ልዩነት ስድስት መቶ እጥፍ ማለት ነው። አቅጣጫውን አትሳቱ፦ ሰንሰለቱ ሲረዝም ቆጠራው ያንሳል፤ ስለዚህ የተመዘገበውን በእውነተኛው ርዝመት አባዝታችሁ ለስያሜው ርዝመት ታካፍላላችሁ፤ ስፋት ከሆነ ሁለት ጊዜ። የብረት ቴፕም በየዲግሪ ሴልሲየሱ ከሚሊዮን 11.6 ያህል ይዘረጋል፤ በዲግሪ አንድ አምስተኛ የሙቀት ለውጥ የጫማዎቹ ልዩነት ይዋጣል። በኤሌክትሮኒክ መለኪያ አየሩ ብርሃንን ከሚሊዮን ወደ 300 እጅ ያዘገየዋል፤ መሣሪያው በነባሪ ሁኔታ ያርመዋል፤ የእናንተ ድርሻ የዕለቱን ሙቀትና ግፊት ማስገባት ነው። ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ከሳታችሁ በኪሎ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄደ።

ካርታ ላይ የተነበበ ርቀት ሌላ ጣጣ አለው። ዩቲኤም በተባለው የካርታ ትንበያ ማዕከላዊ ሜሪዲያን ላይ የካርታው መጠን 0.9996 ስለሆነ መሬት ላይ ያለው 1,000 ሜትር ካርታው ላይ 999.60 ነው። ከፍታም አለ፦ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የተለካ መስመር ወደ ኤሊፕሶይዱ ሲወርድ ከሚሊዮን 157 እጅ ያጥራል። የሥነ ፈለክ አሃድ በህዋ ውስጥ ያለ ቀጥተኛ ርዝመት ነው፤ የካርታ ትንበያ አያውቅም። ስለዚህ የምትቀይሩት የካርታውን ሳይሆን የመሬቱን ርቀት ነው፤ በነጥቦች መካከል ያለውን ተዳፋት ርቀት ከያዛችሁ እሱ ይበልጥ ይሻላል፤ አግድም ማድረግ ለካርታ ሥራ እንጂ ለዚህ አያስፈልግም።

ስለ ብርሃን ዓመት አጭር ነገር ልበል። ዓመቱ የጁሊያን ዓመት፣ 365.25 ቀን ነው። በ365 ብታባዙ 6.4755 × 10¹² ሜትር ይጎድላችኋል፤ 43 የሥነ ፈለክ አሃድ። ኔፕቱን ከፀሐይ 30 ነው የሚርቀው፤ የጎደለው ከዚያ ይበልጣል።

ኮምፒውተሩስ? ባለ 32 ቢት አስርዮሽ ቁጥር የሥነ ፈለክ አሃድን በሜትር ሲይዝ፣ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክፍተት 16,384 ሜትር ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ብትደምሩበት ወደ 16 ይዘላል። ባለ 64 ቢቱ ከ9.007 × 10¹⁵ በላይ ኢተጋማሽ ቁጥር መያዝ አይችልም፤ የብርሃን ዓመት በሜትር ደግሞ ከዚያ አልፏል። አንድ የብርሃን ዓመት ላይ አንድ ሜትር ስትደምሩ ኤክሴል አይከራከራችሁም፤ ዝም ብሎ ይጥላታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሩቁን ነገር በፓርሴክ፣ የቅርቡን በሜትር ለየብቻ ያዙ፤ አንድ ዓምድ ውስጥ አታደባልቁ።

አሁን ወደ 206,265 ልመለስ፤ የሚያስቸግረው እዚህ ነው። ርቀት በፓርሴክ ማለት 1 ለፓራላክስ ሲካፈል ነው፤ ፓራላክሱ በሰከንድ ከሆነ። በ2025 ሥራዋን የጨረሰችው የጋያ መንኮራኩር መዝገብ የሚሰጠው በሚሊ ሰከንድ ነው፤ 1,000ን ለእሱ ማካፈል ይኖርባችኋል። ቶታል ስቴሽን “ጎን” (ግራድ) በሚባለው የማዕዘን አሃድ ከተሠራ ደግሞ ሙሉ ክብ 400 ጎን ነው፤ የጎን አሥር ሺህኛ 0.324 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ አሃድ ራዲያን 636,620 እንጂ 206,265 አይደለም፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው መልሱ በሦስት እጥፍ ይዛባል፤ እግዜር ይስጠው፣ በሦስት እጥፍ የተዛባ ይታያል። የማይታየው የማስሊያ አጻጻፍ ነው፦ በቅየሳ ማስሊያ 12.3045 ማለት 12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ በአስርዮሽ 12.5125 ነው። መልሱ አሳማኝ መስሎ ያልፋል።

ማካፈሉም ስሕተትን እኩል አይከፍልም። ፓራላክሱ 1 ሚሊ ሰከንድ፣ የስሕተት ወሰኑ 0.2 ይሁን። ርቀቱ 1,000 ፓርሴክ ነው ብላችሁ 200 ወዲህ 200 ወዲያ አትበሉ፤ ወሰኑ ከ833 እስከ 1,250 ነው። ወዲያ ያለው ጎን ይረዝማል። ቀያሽም በአጭር መነሻ መስመር ሩቅ ነጥብ ሲያቋርጥ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ሲሾል ስሕተቱ በእይታው አቅጣጫ ይዘረጋል።

የሰላ አድማጭ፣ ፓርሴክ በታንጀንት ነው ወይስ በራዲያን ቢል መልሱ በራዲያን ነው። በታንጀንት ቢሆን በአንድ ፓርሴክ ላይ ወደ 242 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት ይመጣል። የማንንም ኮከብ ርቀት በዚያ ልክ የሚያውቅ የለም፤ ጥያቄው ግን የጥሩ ቀያሽ ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ሰንሰለት ይዛችሁ ሜዳ ላይ የምትሠሩትን ላሳይ። በአንድ ማይል 63,360 ኢንች አለ፤ በአንድ የብርሃን ዓመት 63,241 የሥነ ፈለክ አሃድ። ይህኛው በእርግጥ አጋጣሚ ነው፤ ግን ያገለግላል። አንድ ኢንችን አንድ የሥነ ፈለክ አሃድ አድርጉ። የፀሐይን ፔግ (ችካል) ምቱ፤ በዚህ መጠን የፀሐይ ወርድ ሩብ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ በእርሳስ ጫፍ ነጥብ አድርጉበት። መሬት ከነጥቡ 25.4 ሚሊ ሜትር ላይ ነች፤ ያው ፔግ ራስ ላይ ትገባለች። ጁፒተር ከመጀመሪያው ሊንክ ሳይወጣ 5.2 ኢንች ላይ፣ ሳተርን አንድ ሊንክ እንዳለፈ፣ ኔፕቱን 3.8 ሊንክ ላይ። ቮየጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር ከ160 በላይ የሥነ ፈለክ አሃድ ርቃ 20 ሊንክ ጥቂት አለፍ ብላለች፤ ሰንሰለቱ 792 የሥነ ፈለክ አሃድ ይይዛል።

ቀጣዩ ፔግ ከፀሐይ ቀጥላ የቅርባችን ኮከብ የሆነችው የፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው። ፓራላክሷ 0.76807 ሰከንድ፤ 206,265ን ለዚያ አካፍሉ፣ 268,550 የሥነ ፈለክ አሃድ፤ ለ792 አካፍሉ፣ 339 ሰንሰለት ከ8 ሊንክ። አቋራጩን ይዛችሁ 4.2464 የብርሃን ዓመት ያው 4.2464 ማይል ነው ካላችሁ ግን 339 ሰንሰለት ከ71 ወይም 72 ሊንክ ላይ ትመታላችሁ፤ 13 ሜትር ያህል አልፋችሁ። የፓራላክሱ የስሕተት ወሰን 0.05 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በዚህ ሜዳ ላይ ሲወርድ ሁለት ሊንክ ይሆናል። እንግዲህ ፔጉን በ339 ከ8 ላይ ምቱና በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሊንክ በኖራ አስምሩ።